«ውጭ ልውጣ» ማለት ምን ማለት ነው? በቤት አቮት ስለሚወድቁ ሽማግሌዎቻችን



አያቴ የወደቁት ሌሊት ነው። ከአልጋቸው እስከ ሼሩቲም በር ድረስ አምስት እርምጃ ያህል ቢሆን ነው፤ መንገዱን ሳይጋምሱት ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ጠዋት ከቤት አቮቱ ስልክ ተደወለልንና «ሃይታ ኔፊላ» ተባልን። «መውደቅ ነበረ» እንደማለት ነው። ማን እንደወደቀ፣ ለምን እንደወደቀ፣ በዚያ ሰዓት አጠገባቸው ማን እንደነበረ በዚህ አነጋገር ውስጥ የለም። ዝናብ ነበረ፣ ነፋስ ነበረ እንደሚባለው ዓይነት ነው።

እኛም ቤተ ዘመዱ በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆመን የተናገርነው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» አልን። «እግዚአብሔር ያመጣውን ማን ይመልሰዋል?» አልን። አጎቴ «ሰማንያ አራት ዓመታቸው እኮ ነው» አለ፤ ይህ ዕድሜ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንገባ በግምት የተጻፈ መሆኑን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው። «ለምን ወደቁ?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ነገሩን የነገረችኝ፣ ከሳምንት በኋላ ዕቃቸውን ልወስድ በሄድኩ ጊዜ፣ እዚያው የጽዳት ሥራ የምትሠራ የእኛው እህት ናት። ሊፍቱ አጠገብ ወደ ጎን ወሰደችኝና የሰማችውን አጫወተችኝ። በዚያ ሌሊት አያቴ «ውጭ ልውጣ፣ ውጭ ልውጣ» እያሉ ነበር። የሌሊቱ ሜታፔል አማርኛ አይችልም። ስለዚህ በሌላ ማሕላካ የምትሠራ፣ እዚህ አገር የተወለደች ልጃችንን በስልክ ጠየቋት። ልጅቱም የሰማችውን ቃል በቃል ተረጎመችው፦ «ሂ ሮጻ ላጼት»። ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት አንዲት አሮጊት የት ይወጣሉ? በመዝገቡ ላይ «ኢ-ሼቄት»፣ ማለትም ዕረፍት ማጣት፣ ተብሎ ተጻፈና የእንቅልፍ ካዱር ተሰጣቸው። የአልጋው የብረት አጥርም ከፍ ተደረገ። አያቴ ካዱሩ እያንገዳገዳቸው አጥሩን በግርጌ በኩል ዞረው ወረዱ።

ከጎንደር ገጠር ወይም ከትግራይ በኩል የመጣ ሰው «ውጭ ልውጣ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። የጨዋ ሰው አነጋገር ነው። በተወለድንበት መንደር መጸዳጃ በቤት ውስጥ አልነበረም፤ ስሙም በሰው ፊት አይጠራም። ልጅቱን አልወቅሳትም። አማርኛዋ ከአያቷ ወጥ ቤት የተማረችው አማርኛ ነው፤ «ነዪ፣ ብዪ፣ ተቀመጪ» የሚለውን ታውቃለች። የቀረውን ያላስተማርናት እኛ ነን። የምወቅሰው የአንዲትን እናት ሌሊት በአንዲት ልጅ የስልክ ትርጉም ላይ የሚጥለውን አሠራር ነው።

እንግዲህ ይህ የእርጅና አወዳደቅ ነው ወይስ የአንድ ቃል? ሽማግሌ ጨርሶ እንዳይወድቅ ማድረግ እንደማይቻል አውቃለሁ። ነገር ግን በቤት አቮት ውስጥ ከሚሆነው መውደቅ ብዙው ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ማግኘት የሚቻለውም ሰውየውን በማወቅ ነው። የእኛን ሽማግሌዎች ለማወቅ ደግሞ መንገዱ የሚያልፈው በቋንቋቸውና በይሉኝታቸው በኩል ነው። ይህ እስካልሆነ ድረስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «ሜኒዓት ኔፊሎት» የሚል ወረቀት ለእኛ ሰው ጌጥ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ምክንያት ይሞታል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። በየቤታቸው ከሚኖሩት ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በዓመት ውስጥ ይወድቃል። በቤት አቮት ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ወደዚያ የሚገባው ቀድሞውኑ የደከመው ሰው ነው፤ ቦታው አዲስ ነው፣ ካዱሩ ብዙ ነው፣ የሌሊት ሠራተኛው ጥቂት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩትና በ2021 የታተመ ጥናት አለ። በ84 የአረጋውያን ቤቶች፣ በ1,657 ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ነው። ቤቶቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን ላሉት ሠራተኞች አንድ ሰዓት ያህል ትምህርትና አንድ የመጠየቂያ ዝርዝር ተሰጣቸው፤ ሥራውን የሚከታተል ሰውም ተደረገላቸው። ዝርዝሩ ስለ እያንዳንዱ ነዋሪ ይጠይቃል፦ ከዚህ በፊት ወድቆ ያውቃል ወይ? ምን በሽታ አለበት? ምን ይወስዳል? እንዴት ይራመዳል? የሚነገረውን ይረዳል ወይ፣ የሚፈልገውንስ መናገር ይችላል ወይ? ከጥያቄው ቀጥሎ ሥራ አለ፤ ጫማው ይለወጥ፣ መነጽሩ ይታይ፣ ካዱሩን ሐኪም ይመርምረው። ከሦስተኛው ወር በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የመውደቁ ቁጥር ይህ ካልተደረገላቸው ቤቶች በ43 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ማሽን አልተገዛም፣ አዲስ ሕንጻም አልተሠራም። ደግሞ ይህ ሁሉ የሆነው ሰዎቹ እንቅስቃሴያቸው ሳይቀነስ ነው።

የመጨረሻዋን ነገር ደግሜ እላለሁ፤ ሳይቀነስ። ምክንያቱም አያቴ ከሆስፒታል ሲመለሱ የተደረገው ተቃራኒው ነው። በኪሴ ጋልጋሊም ላይ ተቀመጡ፣ በወገባቸው ዙሪያ ቀበቶ ታሰረ፣ ከፊታቸው ጠረጴዛ ተገጠመ። «ለደኅንነታቸው ነው» ተባልን። እኛም ፈረምን! የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አላማም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እግራቸው እንደ ክር ቀጠነ። ይኸውም የሚታወቅ ነገር ነው፤ የማይሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ጡንቻው የሟሸሸ ሰው ደግሞ ከቀበቶው በተፈታባት በመጀመሪያይቱ ደቂቃ ይወድቃል። የአልጋው አጥርም እንደዚያው ነው። ለመውጣት የቆረጠ ሰው በአጥር ላይ ተሻግሮ ሲወድቅ ከፍታው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አስሮ ማስቀመጥ መውደቅን መከላከል አይደለም፤ መራመድን መከላከል ነው። ሁለት ነገሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ አያቴን ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ ነገር የተማርኩት ያን ቀን ነው።

«እምዬ፣ ያን ሌሊት ደወሉን ለምን አልተጫኑትም?»

«ምነው ልጄ፣ ሰው በደወል ይጠራል? እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ደክሞት ተቀምጦ።»

ዝም አልኩ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ደግሞስ ለወንድ ልጅ እንዲህ ያለው ይነገራል?»

«ሒቱል አድርገውልዎት አልነበረም?» አልኩ። ይህን በመጠየቄ እስካሁን አፍራለሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሠራተኞቹ ሌሊት የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ ሒቱል አለሽ፣ ለምን ትነሻለሽ? ሰባት ልጆች ያሳደጉ፣ በንጽሕና ሕግ ውስጥ የኖሩ፣ በበረዶም በጭለማም ወንዝ ወርደው ይታጠቡ የነበሩ ሴት ናቸው። አልጋቸው ላይ ከሚያደርጉት መውደቅን ይመርጣሉ፤ መረጡም። ይህን ምርጫ ማንም በመዝገብ አልጻፈውም።

ስለሆነም ለእኛ ሰዎች መከላከያው የሚጀምረው ከሼሩቲም ነው። ሽማግሌው እስኪጠይቅ መጠበቅ አይገባም፤ አይጠይቅምና። ከመኝታ በፊት፣ ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ማለዳ፣ ከምግብ በኋላ፣ ሠራተኛው ራሱ መጥቶ «እንሂድ» ይበል። ለሴት ሴት ትምጣ። ደወሉ ነውር እንዳልሆነ ደግሞ የሚያስረዳቸው ሐኪሙ ሳይሆን የራሳቸው ልጅ ወይም ቄስ ቢሆን ይሻላል። እኔ ለአያቴ «ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ካልጠሩት ሥራውን ይነጠቃል» አልኳቸው። ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይደውላሉ፤ ለእሱ አዝነው።

ሌሎቹ ነገሮች በዓይን የሚታዩ ናቸው። የአልጋ ከፍታ አንዱ ነው። በመደብ ላይ ሲተኛ የኖረ ሰው እግሩ መሬት የማይነካበት አልጋ ላይ ሲያድር ሲወርድ መሬቱን በግምት ይፈልጋል። ዛሬ በየማሕላካው ያሉት አልጋዎች ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ማታ ዝቅ ማድረግ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ጫማም አለ። ተረከዝ የሌለው የቤት ነጠላ ጫማ የሚያንሸራትት ጠላት ነው፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ የማይንሸራተት ጫማ አምጡላቸው። የነጠላው ጫፍ ወለሉን እየጠረገ የሚሄድ ከሆነ አያስጥሏቸው፤ ይጠፍላቸው። ነጠላ ያስጣለ ሰው የሚያመጣውን ሐዘን አይቻለሁ። ሃሊኾን ሲሰጣቸውም ፊዚዮቴራፒስቱ አንድ ጊዜ አሳይቶ እንዳይሄድ። ዕድሜ ልኩን በከዘራ የሄደ ሰው ሃሊኾኑን እንደ ከዘራ በአንድ እጁ ሲጎትተው አይቻለሁ።

ካዱር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የእንቅልፍ፣ የጭንቀትና የደም ግፊት ካዱሮች መውደቅን ያበዛሉ፤ በተለይ ሲደራረቡ። የእኛ ሽማግሌ ሐኪም ሲጠይቀው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው የሚለው። ከአልጋ ሲነሣ ራሱን እንደሚያዞረው የሚናገረው ለልጁ ነው፤ ለዚያውም ከተጠየቀ። ተኝቶ የተለካው የደም ግፊት ቆሞም ይለካ ብላችሁ ጠይቁ። ሲነሣ የሚወርድ ከሆነ ለመውደቅ አንዱ ምክንያት እዚያው ተገኘ። የካዱሩ ዝርዝር በየጊዜው በሐኪም ይታይ፤ እናንተ ግን ከራሳችሁ አታቋርጡ። የስኳር በሽታ ያለበትም፣ እዚህ ከመጣን ወዲህ ምን ያህል እንደበዛብን ታውቃላችሁ፣ እግሩ ይደነዝዝና ወለሉን ሳይሰማ ይረግጣል። የእሱ እግር በየቀኑ መታየት አለበት።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። በኪፑርም ሆነ በስግድ ሽማግሌዎቻችን ውሃ አንቀምስም ይላሉ፤ የቤት አቮቱ ሠራተኛም «ሃይማኖታቸው ነው» ብሎ ይተዋል። ውሃ ያልጠጣና በዚያው ላይ የግፊት ካዱር የዋጠ ሽማግሌ ለመስገድ ዝቅ ብሎ ሲነሣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቄሶቻችን ነፍስን ማዳን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። በዓሉ ከመድረሱ በፊት ወደ ቤት አቮቱ ሄደው «አንቱ ይጠጡ፣ እኔ ፈቅጃለሁ» ቢሉ ከአሥር ሐኪም ምክር ይበልጣል።

ምግብን በተመለከተ አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። በአውስትራሊያ በ60 የአረጋውያን ቤቶች ከ7,000 በሚበልጡ ነዋሪዎች ዘንድ ለሁለት ዓመት የተደረገ ጥናት፣ ይህም በ2021 የታተመ ነው፣ በግማሾቹ ቤቶች ወተት፣ እርጎና አይብ እንዲጨመር አደረገ። በእነዚህ ቤቶች መውደቅ በ11 ከመቶ፣ የዳሌ መሰበር በ46 ከመቶ ቀነሰ። እርጎና አይብ! እናቶቻችን ከብት አርብተው ያሳደጉን በዚህ አይደለም ወይ? በእኛ ቤት አቮት ግን አያቴ የሚቀርብላቸውን ቅመም የሌለው ሾርባ እያዩ ትሪውን ይመልሱ ነበር፤ በመዝገቡም «አቅል አልበላችም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሥጋው ከቀትር ነው፤ ጠዋትና ማታ እርጎ ለማቅረብ ካሽሩት አይከለክልም። በዚህ ላይ የፀሐይ ነገር አለ። በ1995 የታተመ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ዘንድ የቫይታሚን ዲ እጥረት በጣም ብዙ መሆኑን ገልጿል። የጠቆረ ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚኑን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሰውነት ተሸፍኖ ወይም በቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲዋል ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። ሐኪሙ መጠኑን በደም ምርመራ ይየውና የጎደለውን ይሙላ። ወደ ግቢው ማውጣትም ገንዘብ አይጠይቅም።

በሙያዬ መምህራንን አሠለጥናለሁ፤ ስለዚህ ስለ ሂሽታልሙት የምናገረው አለኝ። ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ ቡናና ኬክ ይቀርባል፣ ስላይድ ይታያል፣ ስም ይፈረማል። በማግስቱ ሁሉም እንደነበረ ነው። መምህር የሚለወጠው ክፍሉ ውስጥ ገብተህ ሥራውን አይተህ፣ ከዚያ «ይህን ልጅ ለምን አልጠየቅኸውም?» ስትለው ነው። ቤት አቮትም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው በወደቀ ቁጥር ሠራተኞቹ በዚያው ቀን በዚያው ክፍል ቆመው «ምን ፈልጎ ነበር የተነሣው?» ብለው ይጠይቁ። ማን ጥፋተኛ ነው ብለው አይደለም። ሠራተኛ ከተቀጣ የሚቀጥለውን መውደቅ ይደብቃል፤ የተደበቀ መውደቅ ደግሞ የሚመጣው ስብራት ነው። ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥም ትምህርቱ በዓመት አንድ ጊዜ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ሠራተኞቹን በመውቀስ ብቻ ይህን ጽሑፍ ብጨርስ ኃጢአት ይሆንብኛል። አንድ ሰው ሌሊት ብቻውን ያን ሁሉ ክፍል ይዞ ያድራል። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ የእኛው እህቶችና እናቶች ናቸው። ወለል ይጠርጋሉ፣ ያጥባሉ፣ ያበላሉ። ሐኪሙ ሲመጣ ደግሞ መጥረጊያቸውን አስቀምጠው ያስተረጉማሉ፤ ለትርጉሙ ግን አንድ አጎራ አይከፈላቸውም፤ ሐሳባቸውንም የሚጠይቃቸው የለም። የትኛው ሽማግሌ ሌሊት እንደሚነሣ፣ የትኛው ወለል እርጥብ ሆኖ እንደሚያድር ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የመውደቅ መከላከያ ስብሰባ ሲደረግ ወንበር ሊሰጣቸው ይገባል፤ ትርጉማቸውም ሥራ ነውና ይከፈልበት። «ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። አልጋ ዝቅ ለማድረግና ሰው ለመጠየቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ለሌሊት አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ግን ያስፈልጋል። ይህን መደባበቅ አይጠቅምም፤ ቤቶቹም ሚኒስቴሮቹም ገንዘቡን መፈለግ አለባቸው።

በሕግ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሕክምና የሚሰጠው ሰው በሚረዳው መንገድ ተገልጾለት ሲፈቅድ መሆኑን ይናገራል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዟል። «ውጭ ልውጣ» ላሉ እናት የእንቅልፍ ካዱር መስጠት በየትኛው መንገድ ተገልጾላቸው፣ በምን ቃል ፈቅደው ነው?

የእኛ ድርሻ ግን አለ፤ እሱንም ሳልናገር አላልፍም። እናታችንን ቤት አቮት አስገባን ብለን እናፍራለን። ጎረቤት ሲጠይቀን «እህቴ ጋ ናት» እንላለን። ያፈረ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም። ዓርብ በጥድፊያ ዳቦ ይዘን እንሄዳለን፣ እጃቸውን እንስማለን፣ ሰንበት ሳይገባ እንመለሳለን። መዝገቡን አናይም፣ የሌሊቱን ሠራተኛ ስሙን አናውቅም። ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ስለ እናታችን ምን ነገርናት? በስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ በየትኛው ጎን እንደሚተኙ፣ ሲያማቸው ዝም እንደሚሉ፣ ሲቆጡ ነጠላቸውን እንደሚያጣፉ ነግረናት እናውቃለን? ይህን ከእኛ በቀር ማንም አያውቅም፤ እኛ ካልተናገርን በዝርዝሩ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

በአያቴ ማሕላካ ከብዙ ክርክር በኋላ ቀበቶው ተፈታ። ዛሬ በሃሊኾን፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ፣ ከአልጋ እስከ ሼሩቲም ይሄዳሉ፤ ሲደርሱ በሩን ይዘጋሉ፤ ይህንንም አጥብቀው ይሻሉ። ከአልጋቸው በላይ እኔና ያቺ የጽዳት ሠራተኛ እህታችን የጻፍነው ወረቀት ተለጥፏል። የአማርኛው ቃል በዕብራይስጥ ፊደል፣ ከጎኑም ትርጉሙ፦ «ውጭ ልውጣ» ማለት ሼሩቲም ነው። «አዞረኝ» ማለት ሴሕርሖሬት ነው። «ቁርጥማት» ማለት አጥንትና መገጣጠሚያ ያማቸዋል ማለት ነው። «ደኅና ነኝ» በሚለው ፊት ለፊት ደግሞ «ሻአሉ ሹቭ»፣ እንደገና ጠይቁ፣ ብለን ጻፍን።

ዝርዝሩን በዚህ እትም በዕብራይስጡ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል አትመነዋል። ትግርኛ የሚናገሩ ወላጆች ያሏችሁ በራሳችሁ ቃል አስተካክሉት። ቆርጣችሁ ውሰዱት፤ ስትለጥፉትም ለሌሊቱ ሠራተኛ አንብቡለት።